በከተማው ዳርቻ የሚጠጣ ውሃ፦ ሥጋቱ የት እንዳለና ማጣሪያ ምን እንደሚያደርግ

በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በየካ አባዶ፣ በለገጣፎ ወይም በሱሉልታ በኩል አዲስ ቤት የገባ ሰው ዕቃውን አስተካክሎ ሳይጨርስ ጎረቤቱን የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፤ «የዚህ ሰፈር ውሃ ይጠጣል?» የሚል። አንዱ ጎረቤት ዓመታት ሲጠጡት ምንም እንዳልሆኑ ይናገራል፣ ሌላዋ ልጆቿ በጃርዲያና በአሜባ ከጤና ጣቢያ እንደማይጠፉ ትገልጻለች፣ ሦስተኛው ማጣሪያ ገዝቶ ከዚህ ሁሉ እንደተገላገለ ያወራል። ሦስቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱም በአንድ ሰፈር፣ እንዲያውም በአንድ ግቢ ውስጥ፣ ብርጭቆ ላይ የሚደርሰው ውሃ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ቤት በፈረቃ ከሚመጣው የከተማ መስመር ይቀዳል፣ ሌላው ግቢ ውስጥ ካለ ጉድጓድ ይስባል፣ ሌላው ከቦቴ ወይም በጋሪ ከሚመጣ ጀሪካን ይገዛል። ስለዚህ የማጣሪያ ዋጋ ከመጠየቅ በፊት ውሃው ከየት እንደመጣና እዚህ እስኪደርስ በምን በምን እንዳለፈ ማወቅ ይቀድማል።

አዲስ አበባ የምትጠጣው ውሃ ከሁለት ወገን ይመጣል። አንደኛው በግድብ የሚጠራቀም ውሃ ሲሆን፣ በአምቦ መንገድ ያለው ገፈርሳ፣ በምሥራቅ በኩል ደግሞ በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ አገልግሎት የጀመረው ለገዳዲና ውሃው እዚያው የሚጣራው ድሬ ይገኙበታል። ሁለተኛው የከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ በአቃቂና በለገዳዲ በኩል ከተቆፈሩ ጥልቅ ጉድጓዶች ይሳባል። የግድቡ ውሃ በተለይ በክረምት ከማሳ ታጥቦ የሚገባ ደቃቅ አፈር ስለሚይዝ ድፍርስ ነው፤ በመሆኑም አፈሩን በሚያረጋ ኬሚካል ይታከማል፣ ይዘቅጣል፣ በአሸዋ ይጣራል፣ በመጨረሻም ክሎሪን ይጨመርበታል። የጥልቅ ጉድጓድ ውሃ አብዛኛውን ጊዜ ጥርት ያለ ስለሆነ የሚፈልገው በዋናነት ክሎሪኑን ነው።

የክሎሪኑ ሥራ ማጣሪያ ጣቢያው ላይ ያሉትን ጀርሞች በመግደል አያበቃም። ጥቂቱ ውሃው ውስጥ ቀርቶ በመንገድ ላይ የሚገባ ጀርም ቢኖር እንዲጠብቅ ታስቦ ነው የሚጨመረው፤ ባለሙያዎች ይህን ቀሪ ክሎሪን ይሉታል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ተጠቃሚው ዘንድ ሲደርስ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም ቀሪ ክሎሪን እንዲኖር ይመክራል። ብዙ ሰው ቧንቧ ሲከፍት የክሎሪን ሽታ ሲሸተው «ውሃው ኬሚካል በዛበት» ብሎ ይደፋዋል። ለስለስ ያለ የክሎሪን ሽታ ግን ጠባቂው አብሮ መድረሱን የሚያሳይ መልካም ምልክት ነውና ሰው ሊፈራው አይገባም። ከጣቢያው በራቀው የመስመሩ ጫፍ ላይ፣ ማለትም እኛ ባለንበት ዳርቻ፣ ይበልጥ ሊያሳስበን የሚገባው ክሎሪኑ በመንገድ ማለቁ ነው።

ፈረቃ ደግሞ የራሱን ችግር ያመጣል። መስመሩ ውስጥ ውሃ በግፊት እስካለ ድረስ፣ ቧንቧው ቀዳዳ ቢኖረውም ውሃው ወደ ውጭ ይፈሳል እንጂ ከውጭ የሚገባ ነገር የለም። ውሃው ሲቋረጥ ግን ግፊቱ ይወድቃል፣ አንዳንዴም መስመሩ ራሱ ይስባል፤ ያን ጊዜ በቀዳዳው ዙሪያ ያለው ጭቃና እርጥበት ወደ ውስጥ ይገባል። ቦይ ተሻግሮ የሚያልፍ ቧንቧ፣ ከሽንት ቤት ጉድጓድ አጠገብ የተቀበረ መስመር፣ ለመንገድ ወይም ለቤት ግንባታ ሲቆፈር ተሰብሮ በላስቲክና በጎማ የታሰረ መጋጠሚያ፣ ሁሉም በየአካባቢያችን የምናያቸው ናቸው። ውሃው ከቀናት በኋላ ሲመለስ ይህን ሁሉ እየገፋ ይመጣል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚመጣውን ውሃ ወደ ሮቶ ማስገባት ትልቅ ስህተት ነው። ወደ ሮቶ የሚወስደውን መዝጊያ ዘግቶ፣ በግቢው ቧንቧ ለጥቂት ደቂቃ ለባሊና ለበርሜል ቀድቶ፣ ውሃው ከጠራ በኋላ ሮቶውን መክፈት ይገባል፤ በባሊ የተቀዳው ለወለልና ለሽንት ቤት ይሆናልና አይባክንም።

ቀጥሎ የሚመጣው ሮቶው ነው፣ በእኔ ግምት በዳርቻው ሰፈሮች ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የተነፈገውም እሱ ነው። መሰላል ይዞ ወጥቶ ክዳኑን የሚከፍት ሰው የሚያየው ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው፦ ክዳኑ ተሰንጥቋል ወይም ነፋስ አንሸራቶታል፣ በውስጥ ግድግዳው ላይ በእጅ ሲነኩት የሚያሟልጭ ስስ ሽፋን ይዟል፣ ከታች ደግሞ ቀይ ቡናማ ደለል ተኝቶ ውሃ በገባ ቁጥር ይናወጣል። ርግብ የሚሰፍርበት ጣሪያ ከሆነ ላባና ኩሱም አይጠፋም። ያ የሚያሟልጨው ሽፋን ጀርሞች ተጣብቀው የሚኖሩበት ነው፤ ቀሪ ክሎሪኑንም የሚጨርሰው እሱ ነው። ከለገዳዲ ንጹሕ ሆኖ የተነሳ ውሃ እዚህ ሦስትና አራት ቀን ከተኛ በኋላ ማእድ ቤት ሲደርስ ሌላ ውሃ ሆኗል።

ሮቶን ማጽዳት ለማንም የማይከብድ ሥራ ነው። ውሃው ሊያልቅ ሲል ደለሉን ማውጣት፣ ግድግዳውን በብሩሽ ፈግፍጎ ማጠብ፣ ከዚያ ሞልቶ በበረኪና ማከም ይበቃል። በጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ ክሎሪን መሆኑ የተጻፈበት፣ ሽቶ ያልተጨመረበት በረኪና ከሆነ፣ አንድ ሊትሩ ለ1,000 ሊትር ሮቶ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ያህል ክሎሪን ይሰጣል። ይህ ለመጠጥ የማይሆን፣ ለማጽጃ ብቻ የታሰበ መጠን ነው፤ ሌሊቱን አድሮ፣ ጠዋት በቤቱ ቧንቧዎች ሁሉ ጥቂት እንዲወርድ ተደርጎ፣ የቀረው ተደፍቶ በንጹሕ ውሃ መለቅለቅ አለበት። በእነዚህ ሰዓታት ከዚያ ውሃ ማንም እንዳይጠጣ ለልጆችም ለሠራተኛም መንገር ያስፈልጋል። መጠኑ ያልተጻፈበት በረኪና ግን ምን ያህል ክሎሪን እንዳለው ስለማይታወቅ ለዚህ ሥራ አይታመንም፤ ፀሐይ ላይ የቆየም እንዲሁ ኃይሉ ይዳከማል። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ማለትም ክረምት ሲወጣና በበጋው አጋማሽ፣ ይህን የሚያደርግ ቤት ምንም ማጣሪያ ከመግዛቱ በፊት ብዙ ርቀት ሄዷል።

የጀሪካንና የጆግ ጉዳይ በአጭሩ ሊታለፍ ይችላል፣ አስፈላጊነቱ ግን ከሮቶው አያንስም። አፈ ሰፊ በሆነ ባልዲ ወይም በርሜል የተቀመጠ የመጠጥ ውሃ ውስጥ ጣሳ ሲነከር፣ ጣሳውን የያዘው እጅም አብሮ ይነከራል። አፉ ጠባብ የሆነ ወይም ከሥሩ ቧንቧ ያለው ዕቃ ይህን ያስቀራል። የዘይት ወይም የኬሚካል የነበረ ጀሪካን ቢታጠብም ለመጠጥ ውሃ ባይውል ይመረጣል።

ውሃን በዓይን መፍረድም ጥንቃቄ ይሻል። ፈረቃው ሲመጣ ቡናማ ሆኖ የሚወርደው ውሃ አብዛኛውን ጊዜ ከአሮጌ ቧንቧ የተነሳ ዝገትና ደለል ነው፤ ልብስ ያበላሻል፣ ክሎሪንንም ይሻማል፣ ስለዚህ እስኪጠራ መጠበቅ ነው። ነጭ ሆኖ ወተት መስሎ የሚወርደው ብዙውን ጊዜ በግፊት የገባ አየር ነው፤ በብርጭቆ ቀድተው ቢያስቀምጡት ከታች ወደ ላይ እየጠራ በአንድ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ይለቃል። በማፍያ ዕቃ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ካልሲየምና ማግኒዥየም ሲሆን፣ የጉድጓድ ውሃ በሚጠጣባቸው ሰፈሮች የተለመደ ነው፤ ዕቃ ያበላሻል እንጂ ጤና አይጎዳም። በተቃራኒው ታይፎይድ፣ ጃርዲያ ወይም ኮሌራ ያለበት ውሃ መስተዋት የመሰለ ሊሆን ይችላል። ከቀለሙ ይልቅ የቅርብ ታሪኩን፣ ማለትም ተቋርጦ ነበር ወይ፣ የተሰበረ መስመር አለ ወይ፣ ጎረቤት ልጆች ተቅማጥ ይዟቸዋል ወይ የሚለውን መጠየቅ የተሻለ መረጃ ይሰጣል።

ጀርምን በተመለከተ ከሁሉ የታመነው መንገድ ማፍላት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ አንዳንዱ ይህን ሰምቶ ማፍላት በእኛ አገር አይሠራም ይላል። ይህ ልክ አይደለም። የአንጀት በሽታ የሚያመጡት ባክቴሪያዎች፣ ቫይረሶችና ጃርዲያን የመሰሉት ተሕዋስያን ከዚያ ባነሰ ሙቀትም ይሞታሉ፤ ከፍታው የሚጠይቀው ትንሽ ተጨማሪ ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ባሉ ቦታዎች ውሃው ተንተክትኮ ከፈላ በኋላ ለሦስት ደቂቃ ማቆየት ይመከራል። ማቀዝቀዝ ያለበትም በፈላበት ዕቃ ተከድኖ ነው፤ የፈላን ውሃ ወዳልታጠበ ጀሪካን ገልብጦ ማስቀመጥ ድካሙን ከንቱ ያደርጋል። ችግሩ ወጪው ነው፤ መብራት በሚጠፋበትና ከሰል በተወደደበት ጊዜ ለስድስት ሰው በየቀኑ ማፍላት ቀላል አይደለም፣ ስለዚህም ብዙ ቤት ለሕፃናትና ለታማሚ ብቻ ያፈላል።

ለዚህ ነው በቤት ውስጥ በክሎሪን ማከም ቦታ የሚኖረው። ውሃ አጋር የሚባለው ፈሳሽ በየመድኃኒት ቤቱ የሚታወቅ ሲሆን፣ አኳታብስ የሚባለው እንክብልም አለ፤ ባለ 67 ሚሊ ግራሙ እንክብል ለአንድ 20 ሊትር ጀሪካን ንጹሕ ውሃ የተዘጋጀ ነው። ፈሳሹን በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ልክ ጨምሮ፣ ነቅንቆ፣ ከድኖ 30 ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። ውሃው ድፍርስ ከሆነ መጀመሪያ እንዲጠል አድርጎ በንጹሕ ጨርቅ ማጥለል ይገባል፣ ምክንያቱም ክሎሪኑ ጀርሙን ሳያገኝ በጭቃው ላይ ያልቃል። በ2008 ዓ.ም. ክረምት አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) በአዲስ አበባ ሲከሰት ይህ ሁሉ በየቤቱ ይደረግ ነበር፤ ሥጋቱ ሲያልፍ ልማዱም አብሮ መቅረቱ ያሳዝናል። ክሎሪን ግን አንድ ድክመት አለው፦ የጃርዲያንና የአሜባን ጠንካራ ቅርፊት ለመስበር ባክቴሪያ ከመግደል ይልቅ ይቸገራል፣ ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለውን ተቅማጥ የሚያመጣ ተሕዋስም በዚህ መጠን አይገድለውም። ልጆቹ በጃርዲያ የሚመላለሱበት ቤት ክሎሪን ብቻውን ላይበቃው የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ማጣሪያው ይገባል። በገበያ ላይ በስፋት የሚገኘው፣ ከላይና ከታች ሁለት ዕቃ ያለውና በመካከሉ ሻማ የሚመስል ነጭ ሴራሚክ የተተከለበት ማጣሪያ፣ በሚገባ የተሠራ ከሆነ ባክቴሪያንና የጃርዲያን ቅርፊት ያስቀራል፤ ከቀዳዳው የሚያንሱትን ቫይረሶች ግን አብዛኛውን ጊዜ ያሳልፋል። መብራት አይፈልግም፣ ግፊት አይፈልግም፣ ለፈረቃ ቤት ይመቻል። ጥገናው የሚጠይቀው ትዕግሥት ብቻ ነው። ሻማው ሲደፈን ፍሰቱ ይቀንሳል፤ ያኔ በታጠበ እጅ አውጥቶ፣ ያለ ሳሙና፣ በለስላሳ ብሩሽ ከላዩ ያለውን ቡናማ ሽፋን ነጩ እስኪታይ በቀስታ መፈግፈግ ነው። ከመመለሱ በፊት በመስኮት ብርሃን አገላብጦ ማየት ይገባል፤ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ወይም ሻማው ከፕላስቲኩ ጋር በተጣበቀበት ላይ ክፍተት ካለ ውሃው በዚያ ሳይጣራ ያልፋል። ቀስ ብሎ ይንጠባጠብ የነበረ ማጣሪያ ሳይጸዳ በድንገት ቢፈጥን ደስ ሊለን አይገባም፣ ሻማው ተሰብሮ ሊሆን ይችላልና መቀየር አለበት። የታችኛው ዕቃም በየሳምንቱ መታጠብ አለበት።

ከሰል ያለበት ማጣሪያ የሽታና የጣዕም ሥራ ይሠራል፤ ክሎሪንንም ያወጣል። ክሎሪኑ የወጣለት ውሃ ጣዕሙ ያምራል፣ ነገር ግን ጠባቂ የለውምና ተቀድቶ ለቀናት መቀመጥ የለበትም። ጊዜው ያለፈበት ከሰል ደግሞ ራሱ የጀርም መራቢያ ይሆናል። በመብራት የሚሠራው የአልትራቫዮሌት ዕቃ ጀርምን በጨረር ይገድላል፤ ውሃው ድፍርስ ከሆነ ግን ኃይሉ ይቀንሳል፣ መብራት ከሌለ ደግሞ ምንም አያደርግም።

ከሁሉ ውድ የሆነው ሻጮች «አርኦ» የሚሉት፣ ውሃን በስስ ሽፋን ውስጥ በግፊት የሚያሳልፈው ማጣሪያ ነው። እውነት ነው፣ ጀርምን ብቻ ሳይሆን እንደ ናይትሬትና ፍሎራይድ ያሉ የሟሙ ኬሚካሎችንም በአብዛኛው ያስቀራል። ሆኖም ዳርቻ ላይ ለሚኖር ቤት ሁለት ነገር ይታሰብ። አንደኛ፣ በሚገባ ለመሥራት ወደ 3 ባር የሚጠጋ ግፊት ይፈልጋል፤ ከጣሪያ ላይ ሮቶ ሦስት ሜትር ወርዶ የሚመጣ ውሃ ግን 0.3 ባር ብቻ ነው ያለው፣ ስለዚህ ፓምፕና መብራት የግድ ይላል። ሁለተኛ፣ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ለማውጣት ብዙ ጊዜ ሁለትና ሦስት ሊትር፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ፣ ወደ ፍሳሽ ይለቃል፤ ውሃ በጀሪካን የሚገዛ ቤተሰብ ይህን ማስላት አለበት። የሚለቀቀው ውሃ ተጠራቅሞ ለሽንት ቤትና ለወለል ቢውል መልካም ነው።

ከዚሁ ጋር ሁለት የሽያጭ ማሳያዎችን ሳላነሳ ማለፍ አልፈልግም፣ ምክንያቱም የሰውን ፍርሃት መነገጃ ያደርጋሉ። አንደኛው ብዕር የምታክል መለኪያ ውሃ ውስጥ ነክሮ ቁጥሩ ከፍ ሲል «ይኸው ቆሻሻው» ማለት ነው። ያች መለኪያ የምታነበው በውሃው ውስጥ የሟሟውን የማዕድን መጠን ነው፤ ባክቴሪያ አትቆጥርም፣ ጠቃሚውን ማዕድን ከጎጂው አትለይም። ሁለተኛው ሁለት የብረት ዘንግ ውሃ ውስጥ ከቶ በኤሌክትሪክ ሲያበሩት ውሃው ወደ ቡናማና ጥቁር መለወጡን ማሳየት ነው። ቀለሙ የሚመጣው ከዘንጉ ብረት ነው። አርኦ ያጣራው ውሃ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ማዕድን ስለሌለው ቀለሙ አይለወጥም እንጂ፣ የመጀመሪያው ውሃ መርዝ ስለነበረ አይደለም። ሻጩን መጠየቅ የሚገባው ዕቃው ባክቴሪያ እንደሚያስቀር በምን ላቦራቶሪ እንደተረጋገጠ፣ የሚቀየረው ክፍል በስንት ጊዜ እንደሚቀየርና እዚሁ አገር እንደሚገኝ ነው።

እስካሁን የተባለው በአብዛኛው ስለ ጀርም ነው፣ የከተማውን መስመር ለሚጠቀም ቤትም ዋናው ሥጋት እሱ ነው። በግቢው ጉድጓድ የሚጠጣ ቤት ግን ሌላ ጥያቄ ይጨመርበታል። ሰፈሩ የፍሳሽ መስመር ከሌለውና እያንዳንዱ ግቢ የሽንት ቤት ጉድጓድ ካለው፣ ጥልቀት የሌለው የእጅ ጉድጓድ ከዚያ የሚሰርገውን መቀበሉ አይቀርም። ጀርሙ ቢገደል እንኳ ከፍሳሹ የሚመጣው ናይትሬት ውሃው ውስጥ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ከዚያ ያለፈ ውሃ በተለይ ከስድስት ወር በታች ላሉና የዱቄት ወተት ለሚበጠበጥላቸው ሕፃናት አደገኛ ነው፤ ደማቸው ኦክስጅን የመሸከም አቅሙን ያጣና ከንፈራቸው ይጠቁራል። ናይትሬት በማፍላት አይጠፋም፣ እንዲያውም ውሃው ሲተን ይበዛል፤ ክሎሪንም ሴራሚክም አይነኩትም። እናት ለልጇ ተጠንቅቃ የምታፈላው ውሃ በዚህ ረገድ እንደማይረዳት ማንም ሳይነግራት ይቀራል።

ፍሎራይድ ደግሞ በዋናነት የስምጥ ሸለቆው ችግር ነው። በወንጂና በመተሐራ ለረጅም ዘመን የጉድጓድ ውሃ የጠጡ ሠራተኞች ላይ ጥርስ ከመበለዝ አልፎ የአጥንት ጉዳት እንደታየ በሕክምና ጥናት ተመዝግቧል። የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከከተማው ወደ ስምጥ ሸለቆው በሚወርደው አቅጣጫ ጉድጓድ ያስቆፈረ ሰው ይህን ሳያስመረምር ለመጠጥ ባያውለው ይበጀዋል።

ለማስመርመር የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትንና የኢትዮጵያ የተስማሚነት ምዘና ድርጅትን መጠየቅ ይቻላል። ሲሄዱ «ሙሉ ምርመራ» ከማለት ይልቅ ለቧንቧና ለሮቶ ውሃ ኢ. ኮላይ (ውሃው በዓይነ ምድር መበከሉን የሚያሳይ ባክቴሪያ) እና ቀሪ ክሎሪን፣ ለጉድጓድ ደግሞ ኢ. ኮላይ፣ ናይትሬትና ፍሎራይድ እንዲታይ መጠየቅ ወጪውን ይቀንሳል። ለጀርም ምርመራ የሚሆነውን ከጀርም የጸዳ ጠርሙስ ከላቦራቶሪው አስቀድሞ መቀበል፣ ከመቅዳት በፊት ቧንቧውን ጠርጎ ውሃውን ለጥቂት ደቂቃ ማፍሰስ፣ የጠርሙሱን አፍና የክዳኑን ውስጥ በጣት አለመንካት፣ ከዚያም በቀዝቃዛ ዕቃ ይዞ በዚያው ቀን፣ ቢቻል በስድስት ሰዓት ውስጥ ማድረስ ያስፈልጋል። ከተቻለ ሁለት ናሙና ይወሰድ፦ አንዱ ከመንገድ በቀጥታ ከሚገባው ቧንቧ፣ ሌላው ከሮቶ ወርዶ ማእድ ቤት ከሚደርሰው። በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ አንድም ኢ. ኮላይ መገኘት የለበትም። የመጀመሪያው ንጹሕ ሆኖ ሁለተኛው ከተበከለ ቤቱ መሰላልና ብሩሽ ያስፈልገዋል፤ ሁለቱም ከተበከሉ ማከሙ በየቀኑ ይሁን፣ ውጤቱንም ይዞ ለአካባቢው የውሃና ፍሳሽ ቅርንጫፍ ማመልከት ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ያው መስመር የጎረቤቶቹንም ቤት ያጠጣል።